«ዱርቤቴ ገባ» እና «ዱር ቤቴ ብሎ ገባ»

ቆይ፣ ቆይ! ማተሚያውን እንዳትነኪው። ባነር አንዴ ከወጣ በኋላ በእስክሪብቶ አይታረምም። እስኪ ሁለተኛውን መስመር ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ። «የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዘንድሮም እንደ ገና በድምቀት ይከበራል።» እንደ ገና? ዱላና ሩር ይዘን እንምጣ እንዴ? ደንበኛው ሊል የፈለገው «እንደገና» ነው፤ ዳግመኛ ለማለት። አንቺ መሐል ላይ ስፔሷን ስለነካሻት የትምህርት ቤቱ በዓል የታኅሣሥ 29 ዓይነት ሆኖ ቁጭ አለ።

ወንበሬን ስቤ ከኋላሽ የተቀመጥኩት ለዚህ ነው እንጂ ልቆጣጠርሽ አይደለም። ጣትሽ ፈጣን ነው፤ የፊደል ግድፈትም ብዙ አላይብሽም። አንቺን የሚያደናግርሽ ሁለት ቃል ሲጋጠም ነው። ጠዋት የጻፍሽውን የእድሩን መተዳደሪያ ደንብ አይቼዋለሁ። አንደኛው አንቀጽ ላይ «ሥነ-ምግባር»፣ ዝቅ ብሎ «ሥነ ምግባር»፣ ፊርማው አጠገብ ስትደርሺ «ሥነምግባር»። ሦስቱንም የጻፈው አንድ እጅ ነው ብሎ ማን ያምናል? ደግሞ ብቻሽን አይደለሽም። አዲስ አበባ በአራሚነት ስሠራ ስንቱ ዶክተር፣ ስንቱ ጋዜጠኛ በዚሁ ሲከራከር ሰምቻለሁ። ሁሉም የሚገዛበት አንድ ሕግ የለም። እኔ የምነግርሽም ዐዋጅ አይደለም፤ በሥራ ላይ የያዝኩት ነው። ግን በምክንያት የያዝኩት ነው።

ከከተማሽ ስም እንጀምር፣ ሆዴ። በርሽ ላይ ባለው ሰሌዳ «ዱርቤቴ» ብለሽ አጋጥመሽ ጽፈሻል፤ ደግ አደረግሽ። አሁን ነጥለሽ ጻፊው፤ «ዱር ቤቴ»። በጣሊያን ጊዜ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ የጎጃም አርበኛ «ዱር ቤቴ» ብሎ ነበር የወጣው። እንግዲህ «ዱርቤቴ ገባ» ካልሽ ሰውየው ከባሕር ዳር ተሳፍሮ፣ መርዓዊንና ወተት ዓባይን አልፎ፣ መናኸሪያ ወርዶ ሻይ አዟል። «ዱር ቤቴ ብሎ ገባ» ካልሽ ግን ጠመንጃ አንግቷል። ደቡብ አቸፈር ላይ ስላለችው ከተማ ሲያወራ ጫካ ትዝ የሚለው ሰው የለም፤ ቤትም ትዝ አይለውም። ሁለቱ ቃላት የየራሳቸውን ትርጉም ትተው የአንድ ቦታ ስም ሆነዋልና ይጋጠማሉ። አርበኛው አፍ ላይ ግን ዱሩም ዱር ነው፣ ቤቴም ቤቴ ነው፤ ስለዚህ ይነጠላሉ። ከዚህ በኋላ የምልሽ ሁሉ ከዚህ የሚመዘዝ ነው።

ይህን ይዘሽ ወደ ደብረ ማርቆስ ውረጂ፤ ዳንግላ፣ አዲስ ቅዳም፣ ኮሶበር፣ ቡሬ፣ ማንኩሳ፣ ፍኖተ ሰላም። የመጨረሻውን «ፍኖተሰላም» ብለሽ ስትጽፊ አይቻለሁ። ብዙ ሰው እንዲያ ይጽፈዋል፤ እኔ ግን እነጥለዋለሁ። ቀድሞ ወጀት ይባል ነበር፤ «ፍኖተ ሰላም» ብለው የጠሩት ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ናቸው ይባላል። ፍኖት ማለት መንገድ ነው። «ፍኖት» ወደ «ፍኖተ» የዞረው ሰላምን ሊይዝ ነው፤ የመጨረሻዋ ፊደል ከሳድስ ወደ ግዕዝ ስትለወጥ «አላለቅኩም፣ የሚከተለኝ አለ» ማለቷ ነው። ቤት ቤተ፣ መዝገብ መዝገበ፣ ቃል ቃለ፣ ርእስ ርእሰ ይሆናል። ስሙ በሣልስ የሚያልቅ ከሆነ ወደ ኃምስ ይዞራል፤ ጸሐፊ የነበረው «ጸሐፌ ተውኔት»፣ ከሣቲ የነበረው «ከሣቴ ብርሃን»። የቅኔ ቤት አገር ልጅ ሆነሽ ይህ አዲስ አይሆንብሽም፤ ዋሸራ የወረደ ተማሪ ሳያስበው ከአፉ ይወጣል።

ደግሞ የግዕዝ ብቻ እንዳይመስልሽ። ሆደ ሰፊ፣ ልበ ቀና፣ ዓይነ ስውር፣ አንገተ ደንዳና፣ አባባ ይለብሱት የነበረው እጀ ጠባብ፣ ሁሉም በዚያችው ፊደል የታሰሩ ናቸው። እንግዲህ ፊደሏ ራሷ አስራ ከያዘች «ሥነ-ጽሑፍ» ብሎ ጭረት መጨመር የተሰፋ ጆንያ ላይ ገመድ መጠምጠም ነው። ጭረቱ ከፈረንጅ ጽሕፈት የመጣ ነው፤ እዚያ የመጀመሪያው ቃል መልኩን ሳይለውጥ ከሁለተኛው ጋር ስለሚቆም ለዓይን የሚታይ ማያያዣ አስፈለጋቸው። የእኛ መልኩን ይለውጣል። ስለዚህ ደንቡን ሁሉ «ሥነ ምግባር» አድርጊው። «ሥነምግባር» የሚሉትን አልነቅፍም፤ አንድ ነገር ነው አንድ ቃል ይሁን ባዮች ናቸው፤ ያስኬዳል። ጭረቱን ግን ተዪው።

ብራና ላይ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ አይኖርም ነበር። ቃል ከቃል የሚለየው ሁለት ነጥብ ነው። ጸሐፊው መስመር ካለቀበት ቃሉን ካደረሰበት ላይ ቆርጦ ቀሪውን ከታች ይቀጥላል፤ የቆረጠበት ቦታ ላይ ምንም ምልክት አያኖርም። ሁለት ነጥቡ እስኪመጣ ቃሉ እንዳላለቀ አንባቢው ያውቃል። ሁለት ነጥቡን ትተን ባዶ ቦታ ስንለምድ ያጣነው ይህንን ነው። ነጥብ የሚያኖር ሰው አስቦ ያኖራል፤ ባዶ ቦታ ግን ጣት ሳያስብ የሚያደርገው ነገር ነው፤ ሲበዛም ሲያንስም ዓይን አይይዘውም። ትምህርት ቤት ከተማርነው ሥርዓተ ነጥብ መካከል ሁለት ነጥቡ፣ አራት ነጥቡ፣ ነጠላ ሰረዙና ድርብ ሰረዙ ከብራናው የወረስናቸው ናቸው፤ ጭረት ኋላ የገባ እንግዳ ነው። ስሙንም አታደባልቂው። ደንበኛ መጥቶ «እዚህ ጋ ሰረዝ አድርጊበት» ካለሽ የትኛውን እንደሆነ ጠይቂው፤ ነጠላ ሰረዝ ሊል ፈልጎ አንቺ ጭረት ብትሰጪው ውሉ ሌላ ይሆናል።

ቃላት ደግሞ ባሉበት አይቀሩም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ያሳተሙት መጽሐፍ «ልብ ወለድ ታሪክ» ይባላል፤ ኋላ «ጦቢያ» እየተባለ የታወቀው። ያኔ ልብም ልብ ነው፣ ወለድም ወለደ ከሚለው ነው፤ ልብ የወለደው ታሪክ። ሲውል ሲያድር ሰው «ልብወለድ» ብሎ አጋጠመው፤ አሁንማ «ልቦለድ» እየተባለ ብና ወ ተዋውጠዋል። «ልቦለድ» ብሎ ከጻፈ ሰው ጋር አልጣላም፤ ቃሉ የሄደበትን መንገድ ተከትሎ ነው የጻፈው። የደራሲውንም ስም እይው። ዮሐንስ አፈ ወርቅ ስትዪ ቅዱሱን አንደበቱ ወርቅ ነው ማለትሽ ነውና ትነጥያለሽ፤ ልጁን አፈወርቅ ብሎ የሰየመ አባት ግን ስም ሰጠ እንጂ አንደበቱን አልመሰከረለትም፤ ይጋጠማል።

«ታዲያ ቃሉ መሞቱንና መኖሩን በምን አውቃለሁ?» አልሽ? ጥሩ ጠየቅሽ። አብዢው። ቤተ ክርስቲያን ሲበዛ አብያተ ክርስቲያናት፣ ቤተ መጻሕፍት ሲበዛ አብያተ መጻሕፍት ይሆናል። «ቤተ» የምትለዋ ገና ሕይወት አላት፤ ራሷ ትበዛለች። ስለዚህ ነጥዪያት። ቤተሰብን አብዢው እስኪ። ቤተሰቦች ነው እንጂ «አብያተ ሰብ» ብሎ ዘመዶቹን የሚጠራ ሰው ሰምተሻል? «ቤተ» እዚያ ውስጥ ሟሙታለች፤ አጋጥሚው። መዝገበ ቃላትም መዛግብተ ቃላት የሚሉት ሰዎች እስካሉ ድረስ ሁለት ነው። ደስታ ተክለ ወልድም በ1962 ዓ.ም. ያወጡትን ትልቁን ሥራቸውን «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ነው ያሉት።

በጣም የምወደው ፈተና ግን ሌላ ነው። ያ የምግብ ቤት ባለቤት ያመጣልሽን የግዢ ዝርዝር ክፈቺው። እዚህ ጋ «ነጩ ሽንኩርት በጆንያ» ብለሽ ጽፈሻል። ሰውየው የፈለገው ለወጥ የሚገባውን ነጭ ሽንኩርት ነው። «ነጭ ሽንኩርቱን አምጪልኝ» ብልሽ ያንን ታመጫለሽ። «ነጩን ሽንኩርት አምጪልኝ» ብልሽ ግን ከቀዩ ሽንኩርት መካከል ፈልገሽ ነጣ ያለውን ታመጫለሽ። «ው» ወይም «ኡ» የምትለዋ ድምፅ መጨረሻው ላይ ካረፈች ሁለቱ ቃላት አንድ ስም ሆነዋል፤ መጀመሪያው ላይ ካረፈች ገና ቅጽልና ስም ናቸው። ጥቁር ሰሌዳው ማለት በጠመኔ የሚጻፍበት ነው፤ አረንጓዴም ቢቀቡት ጥቁር ሰሌዳው ነው። ጥቁሩ ሰሌዳ ከነጩ የሚለየው ነው። ባሕር ዳር ከተማው ነው፤ የባሕሩ ዳር ካልሽ ጣና ጫፍ ቆመሻል። ይህን የሚያስተምር መጽሐፍ አያስፈልግሽም፤ አማርኛ ስትናገሪ በየቀኑ አስተካክለሽ ታደርጊዋለሽ፤ ስትጽፊ ብቻ ነው የሚጠፋብሽ። ስትጠራጠሪ ድምፅሽን አውጥተሽ «ው»ን ጨምሪበትና ስሚው።

አንድ ስም ሆኗል ማለት ግን ይጣበቅ ማለት አይደለም። ነጭ ሽንኩርት፣ ትምህርት ቤት፣ ፍርድ ቤት፣ አየር መንገድ፣ እግር ኳስ፣ ሁሉም አንድ ስም ናቸው፤ ግን ክፍሎቻቸው በሕይወት ስላሉ በክፍተት ይጻፋሉ። ቤት አልባ፣ ሀገር በቀል፣ ሰው ሠራሽም እንደዚሁ። ትምህርትን ከቤት ብታጣብቂያት ዘለግ ያለ ቃል ይሆንብሽና ባነር ላይ መስመሩን ያበላሸዋል።

መስመር ካነሳን አይቀር፣ አንዳንድ ጊዜ ጭረት የምትጨምሪው «ፍኖተ» ከላይ ቀርቶ «ሰላም» ወደታች ሲወርድብሽ እንደሆነ ታዝቤያለሁ። ለዚያ ጭረት አያስፈልግም። ዎርድ ላይ ኮንትሮልን፣ ሺፍትንና ስፔስን አንድ ላይ ተጫኚ፤ ክፍተቱ እንዳለ ሆኖ ሁለቱ ቃላት አይለያዩም፤ ሲወርዱ አብረው ይወርዳሉ። ለሰው ስምም ይህን ልመጂው፤ ሠርግ ጥሪ ላይ የሙሽራው ስም ወልደ ላይ ተቆርጦ ማየት ደስ አይልም።

«ባለ»ን ደግሞ ባየኋት ቁጥር በተለያየ ልብስ ነው የማያት። ባለቤት፣ ባለሙያ፣ ባለጉዳይ፣ ባለሥልጣን ተጋጥመው ቀርተዋል። ግን ይህን የሽያጭ ውል ተመልከቺ፤ «ባለሁለት ክፍል ቤት» ይላል። «ባለ» የያዘችው «ሁለት»ን ብቻ ሳይሆን «ሁለት ክፍል» የሚለውን በሙሉ ነው፤ ከአንዱ ጋር ብቻ አጣብቀሽ ሌላውን አታግልዪው። «ባለ ሁለት ክፍል ቤት»፣ «ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ» በዪ። በነገራችን ላይ በውል ላይ «ባለቤት» ራሱ አደገኛ ቃል ነው፤ የቤቱ ጌታም ነው፣ የትዳር ጓደኛም ነው። «ባለቤቱ ፈርማለች» ስትዪ ማን እንደፈረመች ዳኛ እንዲጠይቅ አታድርጊ፤ ስሟን ጻፊ።

የመስተዋድዱ ነገር ቀላል ነው፤ ብዙ አላቆይሽም። የ፣ በ፣ ለ፣ ከ አንዳንድ ፊደል ስለሆኑ ብቻቸውን አይቆሙም፤ ይጣበቃሉ። ወደ እና እስከ ራሳቸውን የቻሉ ናቸው፤ ከማንኩሳ የሚነሣው የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ በ1958 ዓ.ም. ሲወጣ «ፍቅር እስከ መቃብር» ተብሎ ነው። እንደ እና ስለ ከስም በፊት ይነጠላሉ፣ ከግሥ ጋር ይጣበቃሉ፤ «እንደ ሰው» ግን «እንደመጣ»፣ «ስለ እርሻ» ግን «ስለታመመ»። «እንደገና»ም ከዚህ ሁሉ የወጣችው አርጅታ አንድ ቃል ስለሆነች ነው።

ጭረትን ፈጽሞ ጣዪው አላልኩም። ሁለት ራሳቸውን የቻሉ ነገሮች ጎን ለጎን ሲቆሙና አንዱ ሌላውን ሳይውጥ ሲቀር ጥሩ አገልጋይ ናት። «የቡሬ-ነቀምት መንገድ» ብለሽ ጭረት ካላደረግሽ ቡሬ ነቀምት የሚባል አንድ አገር ያለ ይመስላል። «እንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት» እንዲሁ። ቁጥር ላይም «ከገጽ 10-12»። አንዳንዴም ለዓይን ስትዪ ታደርጊያታለሽ፤ «ኢፍትሐዊ» ተጋጥሞ ደህና ይነበባል፣ «ኢአማኒ» ግን ዓይን ያደናቅፋልና «ኢ-አማኒ» ብትዪ አልከፋም። ከዚህ ውጭ ጭረት ካየሁ ምክንያቷን እጠይቅሻለሁ።

አሁን ከሁሉ የምፈራልሽ ላይ ደረስን፤ የሰው ስም። ባነር ቢበላሽ ሸራ ነው፤ ስም ሲበላሽ ሰውዬው ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ሲንከራተት ይከርማል። በላይነህ፣ አለማየሁ፣ አንዷለም፣ የሺወርቅ ድሮ ዐረፍተ ነገር ወይም ሐረግ ነበሩ፤ አሁን የሚነጥላቸው የለም፤ እነሱ አያስቸግሩሽም። የሚያስቸግሩሽ ገብረ ማርያም፣ ወልደ ጊዮርጊስ፣ ወለተ ሚካኤል ናቸው። በሰዋስው ከሄድን ሁለት ናቸው። የጎጃሙ ራስ አዳል በ1873 ዓ.ም. ሲነግሡ የያዙት ስም ተክለ ሃይማኖት ነው፤ በታሪክ መጽሐፍ ነጥለሽ ብትጽፊው ማንም ምንም አይልሽም። የዛሬ ቅጽ ግን ሰዋስው አያውቅም። ሦስት ሣጥን አለው፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። ወልደ ጊዮርጊስን በክፍተት ከጻፍሽውና ቀጥሎ የሚሞላው ሰው ካልተጠነቀቀ ወልደ ስም ይሆናል፣ ጊዮርጊስ አባት ይሆናል፣ እውነተኛው አባት ወደ አያት ሣጥን ይገፋል፣ አያት ደግሞ ከነጭራሹ ከወረቀቱ ይወጣል።

በዓለም ፊት የሆነውም ይኸው ነው። ንጉሠ ነገሥቱን «ሥላሴ» ብቻ እያሉ የሚጽፉ የውጭ ሰዎች አሉ፤ የአባታቸው ስም መስሏቸው። ኃይለ ሥላሴ አንድ ስም ነው፤ አባታቸው ራስ መኰንን ናቸው። ሯጩን ደግሞ ተመልከቺ። የእሱ ስም ኃይሌ ነው፤ የአባቱ ስም ገብረሥላሴ ነው፤ በላቲን ሲጻፍም አባቱ ተጋጥመው ነው። ሁለቱን ስሞች በላቲን ጎን ለጎን ያየ ፈረንጅ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው ቢል አትፍረጂበት። ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ኃይለማርያም ደሳለኝ ግን ስማቸው ተጋጥሞ ስለሚጻፍ ማርያምን የአባታቸው ስም ያደረገባቸው ሰው አልሰማሁም።

ስለዚህ ስም ላይ ስትደርሺ ያስተማርኩሽን ሁሉ እርሺው። መታወቂያው ላይ እንዳለ፣ ፊደሉንም ክፍተቱንም ገልብጪ። የስምንተኛ ክፍል ካርዱ አንድ ዓይነት፣ መታወቂያው ሌላ ዓይነት ከሆነ በራስሽ አታስታርቂ፤ ባለጉዳዩን ጥሪውና በየትኛው እንዲጻፍ እንደሚፈልግ አስወስኚው። ሕፃን ልጅ ታቅፋ ለመጀመሪያ ጊዜ ስም የምታስጽፍ እናት ከመጣች ግን «አጋጥመው ያስጽፉት፣ እትዬ» በያት። የደብሩ አለቃ ቢሰሙ ይቆጡ ይሆናል፤ ይቆጡ። በላቲን ሲጻፍም መሐሉ ላይ ጭረት ብታደርጊ ይያዛል ብለሽ እንዳታስቢ። ፓስፖርት ግርጌ ያለው፣ ማሽን የሚያነበው መስመር ጭረትንም ክፍተትንም በአንድ ዓይነት ምልክት ነው የሚተካቸው፤ ለማሽኑ ልዩነት የላቸውም።

እንግሊዝኛ ሲቪዎቹን አምጪያቸው እስኪ። እዚያ ጭረት ባለቤት ናት፤ ሥራዋም አንድ ዋና ነው። ሁለት ቃላት ተባብረው ከስም በፊት ቆመው ስሙን ከገለጹት ጭረት ይገባል፤ ከስሙ በኋላ ወይም ብቻቸውን ከመጡ አይገባም። «ፉል-ታይም ጆብ» ሲሆን ጭረት አለ፤ «አይ ወርክ ፉል ታይም» ሲሆን የለም። «ፋይቭ-ይር ፕሮግራም» ላይ ጭረት አለ፣ ደግሞም የብዙ ቁጥር ምልክቷ ወድቃለች፤ «ፋይቭ ይርስ ኦፍ ኤክስፒሪየንስ» ላይ ምልክቷ አለች፣ ጭረት ግን የለም። ይህ ልጅ ሁለቱን አደባልቋቸዋል፤ አስተካክዪለት። ይህቺኛዋ ደግሞ፣ ሁሉም ሲቪ ላይ የምትገኘዋ «ሀይሊ ሞቲቬትድ»፣ ጭረት አይገባትም። በ«ሊ» የሚያልቅ እንዲህ ያለ ተውሳከ ግሥ የሚገልጸውን ራሱ ስለሚያሳይ ማያያዣ አይሻም። ገንዘብ በፊደል ሲጻፍ ከትዌንቲ-ዋን እስከ ናይንቲ-ናይን ጭረት አለ፤ ውል ስትተረጉሚ እንዳትረሺ።

እነሱም ቢሆኑ አልረጉም። ቱዴይ የሚለውን ቃል ድሮ በጭረት ነበር የሚጽፉት። ሾርተር ኦክስፎርድ የሚባለው መዝገበ ቃላት በ2007 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ሲታተም 16,000 ገደማ ጭረቶችን አስወጥቷል፤ ከፊሎቹ ተነጠሉ፣ ከፊሎቹ ተጋጠሙ። ኢሜይልም በመጀመሪያዋ ፊደል አጠገብ ጭረት ነበራት፤ አሶሲየትድ ፕሬስ የሚባለው የዜና ድርጅት በ2011 ከአጻጻፍ መመሪያው ሰረዛት። እንግዲህ አንድ የድሮ ደብዳቤ ቅጂ ይዞ መጥቶ «በዚህ ዓይነት ነው የሚጻፈው» ብሎ የሚሟገትሽ ሰው ቢኖር ውሸታም አይደለም፤ ዓመቱ አልፎበት ነው።

ጭረት ስትጎድል ሥራ የምታሳጣበትን አንዱን ላሳይሽና ልነሣ። ይኼን ማመልከቻ ተመልከቺ። በእጁ የጻፈው አማርኛ «ውሌን በድጋሚ ለመፈረም ፈቃደኛ መሆኔን እገልጻለሁ» ይላል። አንቺ ወደ እንግሊዝኛ ስትመልሺው «ሪ» እና «ሳይን»ን ያለ ጭረት አጋጥመሻቸዋል። ተጋጥመው ሲነበቡ «ሪዛይን» ይሆናሉ፤ ሥራዬን ለመልቀቅ ፈቃደኛ ነኝ ነው የሚለው። ወይ ጭረቷን አስገቢ፣ ወይ ከነአካቴው ትተሻት «ሪኒው» በዪ፤ እኔ ብሆን ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ደግሞ ከማተምሽ በፊት ደውዪለት፤ ከአለቃው ጋር ከተጣላ ሰንብቷል ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ምናልባት እንዳለ ተዪው ይልሽ ይሆናል።